አራስ ልጅ ቢጫ ሲሆን የሚሰጠው የዕፅ ጠብታ፦ ማስረጃው የት ድረስ ይሄዳል?

ሕፃኑ ከተወለደ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እናቱ ፊቱን ወደ ብርሃን አዙራ ስታየው ግንባሩም የዓይኑ ነጭም ቢጫ ቢጫ ብሏል። ምክሩ ወዲያው ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ አንዱ የተፈላ ቅጠል፣ ሌላው «ሆሚዮፓቲ» ተብሎ የተጻፈበት ትንሽ ጠርሙስ፣ ሦስተኛው ደግሞ «ጸሐይ አሙቂው፣ ይለቀዋል» ይላታል። ከምክሮቹ አንዱን ትይዛለች። ከሳምንት በኋላ ቢጫው ለቋል፣ ሕፃኑም ጡቱን በደንብ እየጠባ ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ ስለ ጠርሙሱ ብትጠየቅ መልሷ አንድ ነው፦ «ልጄን ያዳነልኝ እሱ ነው።»

ምስክርነቷ ውሸት የለበትም። ጠብታውን ሰጥታለች፣ ቢጫውም ለቋል። የሚያጠያይቀው ሁለቱን ያያያዘችበት ክር ነው። ክሩ መኖር አለመኖሩን ለማየት ቢጫው ቀለም ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ መከተል ይበጃል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቢጫው ከየት ይመጣል?

ቀለሙ ቢሊሩቢን ይባላል። ደምን ቀይ የሚያደርገው ሄሞግሎቢን ሲፈርስ የሚተርፍ ቢጫ ነገር ነው። የአዋቂ ሰው ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ይኖርና ይፈርሳል፣ በአዲስ ይተካል። የጨቅላ ሕፃን ቀይ የደም ሴል ግን ዕድሜው ከ70 እስከ 90 ቀን ቢሆን ነው። ብዛቱም ከአዋቂው ይበልጣል፤ ማህፀን ውስጥ ኦክስጅን እንደ ልብ ስለማይገኝ ፅንሱ ቀይ ሴል አበርክቶ ይወለዳል። አንድ ግራም ሄሞግሎቢን ሲፈርስ 35 ሚሊ ግራም ገደማ ቢሊሩቢን ይወጣዋል። ኪሎን ከኪሎ ብናመዛዝን፣ አራስ ልጅ በቀን የሚያመርተው ቢሊሩቢን ከአዋቂው ከእጥፍ በላይ ነው።

ምርቱ ሲበዛ ማስወገጃው ደግሞ ገና አልተከፈተም። ቢሊሩቢን ከውኃ ጋር የማይስማማ፣ ስብ ወዳድ ነገር ነው። ቅባት የነካው ዕቃ በውኃ ብቻ እንደማይጠራ ሁሉ፣ እሱም እንዳለ ታጥቦ አይወጣም። የሳሙናውን ሥራ የሚሠራው ጉበት ነው፤ በአንድ ኢንዛይም አማካይነት ቢሊሩቢኑን ከስኳር ከተገኘ ንጥረ ነገር ጋር ያጣብቅና በውኃ እንዲሟሟ ያደርገዋል። ከዚያ በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ይወርዳል፣ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። በተወለደ ሰሞን ሕፃኑ ጉበት ውስጥ ያለው የዚህ ኢንዛይም አቅም ከአዋቂው 1 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ማህፀን ውስጥ ሳለ ይህ አያሳስበውም ነበር፤ ቢሊሩቢኑ በእንግዴ ልጁ በኩል ይሻገርና የእናቱ ጉበት ያጥብለት ነበር። እትብቱ የተቆረጠ ዕለት ግን ሥራው የራሱ ሆነ።

አንጀትም የራሱ ድርሻ አለው። ሕፃኑ ቶሎ ካልተጸዳዳ፣ አንጀት ውስጥ ያለ ሌላ ኢንዛይም ጉበት ያሰረውን ቢሊሩቢን መልሶ ይፈታዋል፤ የተፈታውም ወደ ደም ይመለሳል። ስለዚህ ብዙ የሚጠባና ብዙ የሚጸዳዳ ሕፃን ቢሊሩቢኑን ይሸኛል፣ ጥቂት የሚጠባው ደግሞ መልሶ ይሰበስባል። ስለ ዕፆቹ ስናወራ ይህን ነጥብ እንፈልገዋለን።

በዚህ ሁሉ የተነሳ በጊዜያቸው ከተወለዱ ሕፃናት 60 በመቶ ያህሉ፣ ያለ ጊዜያቸው ከተወለዱት ደግሞ 80 በመቶ ያህሉ በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ ይሆናሉ። በጊዜው የተወለደ ሕፃን ቢሊሩቢን ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ጣሪያው ላይ ይደርስና ይወርዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቢጫው ይጠፋል። ጉበቱ ሥራውን ስለጀመረ ነው እንጂ ማንም ምንም ስለሰጠው አይደለም።

አማርኛችን ለዚህ ሁሉ «የወፍ በሽታ» የሚል አንድ ስም ብቻ መስጠቱ ነገሩን ያደናግራል። አዋቂ ሰው ቢጫ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ጉበቱ ወይም የሐሞት መንገዱ ታሟል ማለት ነው። አራሱ ቢጫ ሲሆን ግን ብዙውን ጊዜ ጉበቱ ገና ሥራ እየለመደ ነው። ለአዋቂ የጉበት ሕመም ይጠቅማል የተባለ ዕፅ ለአራስ ልጅም ይሆናል ብሎ ማሰብ የሚጀምረው ከዚህ የስም መደበላለቅ ነው።

በራሱ የሚለቅ ከሆነ ለምን ያስፈራል?

በሁሉም ላይ በራሱ ስለማይለቅ። ደም ውስጥ ያለ ቢሊሩቢን አልቡሚን በሚባል ፕሮቲን ጀርባ ላይ ተጭኖ ይጓዛል። አልቡሚኑ እስከያዘው ድረስ ወደ አንጎል አይገባም። ቢሊሩቢኑ ሲበዛና አልቡሚኑ ሲሞላ፣ ወይም ሌላ ነገር መጥቶ ቦታውን ሲቀማው፣ ተሸካሚ ያጣው ቢሊሩቢን ወደ አንጎል ዘልቆ በውስጠኛው ክፍል ላይ ይቀመጣል። ጀርመናዊው የሥነ ደዌ ሐኪም ክርስቲያን ጌኦርግ ሽሞርል በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በሞቱ ሕፃናት አንጎል ላይ ይህን ቢጫ ዕድፍ አይቶ «ኬርኒክተረስ» የሚል ስም ሰጠው። የተረፉት ሕፃናት ዕጣም ከባድ ነው፤ እጅና እግራቸው እንደፈለጉት አይታዘዝላቸውም፣ ጆሮአቸው ይደክማል፣ ዓይናቸውን ወደ ላይ ማንሳት ይቸግራቸዋል። ጉዳቱ አንዴ ከደረሰ አይመለስም። በጊዜው ከተለካ ግን መከላከል የሚቻል ጉዳት ነው፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

ደማቸው ከእናታቸው ደም ጋር ያልተስማማ (ለምሳሌ አርኤች በሚባለው የደም ዓይነት ልዩነት ምክንያት)፣ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በውርስ የጎደላቸው፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ፣ ሲወለዱ ጭንቅላታቸው ላይ ደም የቋጠረባቸው ሕፃናት ለዚህ አደጋ ይበልጥ የቀረቡ ናቸው። በዓይን ሲታዩ ግን ቀስ ብሎ ከሚለቀው ሕፃን አይለዩም። ቢጫነት ለዓይን የሚታየው ቢሊሩቢን በዴሲሊትር (የሊትር አንድ አሥረኛ) ደም ወደ 5 ሚሊ ግራም ሲጠጋ ነው፤ ከዚያ በኋላ 10 ይሁን 20 ዓይን አይናገርም፤ ቆዳው ጠቆር ያለ ሕፃን ላይ ደግሞ ጭራሽ ያታልላል። ቁጥሩን የሚናገሩት የደም ምርመራና ቆዳ ላይ ተደርጎ የሚለካ መሣሪያ ናቸው።

የዕፅ መድኃኒትና ሆሚዮፓቲ አንድ ናቸው?

ብዙ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። የሁለቱ ጠርሙስ ላይ የተክል ሥዕል መኖሩም አላገዘም። ነገር ግን አሠራራቸው ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል።

የዕፅ መድኃኒት ተክሉ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ሰውነት ላይ ይሠራል ከሚል ሐሳብ ይነሣል፤ ስለዚህ ንጥረ ነገሩ በበቂ መጠን መኖር አለበት። ሆሚዮፓቲ ጀርመናዊው ሐኪም ሳሙኤል ሃነማን በ1796 ካወጣው ሐሳብ የመጣ ነው። ጤነኛ ሰው ላይ አንድን ምልክት የሚያመጣ ነገር፣ እጅግ ቀጥኖ ሲሰጥ ያንኑ ምልክት ያለበትን ሕመምተኛ ይፈውሳል፤ በቀጠነ ቁጥርም ይበረታል ይላል።

ምን ያህል ቀጥኖ? ጠርሙሱ ላይ «ሲ» የሚል ምልክት ካለ እያንዳንዱ ደረጃ መቶ እጥፍ ማቅጠን ነው። አንድ ጠብታ ከ99 ጠብታ ውኃ ወይም አልኮል ጋር ይቀላቀላል፣ ይናጣል፤ ከዚያ ላይ አንድ ጠብታ ይወሰድና እንደገና ከ99 ጋር ይቀላቀላል። ይህ 12 ጊዜ ሲደገም ከመነሻው ተክል አንዲት ሞለኪውል እንኳ መትረፏ አጠራጣሪ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ደግሞ 30ኛው ደረጃ ነው፤ የቀጠነበት መጠን 1 ተጽፎ ከኋላው 60 ዜሮ ሲደረደር ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውኃ፣ አልኮል ወይም ስኳር ነው፤ ተክሉ ስሙ ብቻ ቀርቷል።

ግን ሁሉም እንዲህ አይደለም፤ አደገኛው ክፍልም እዚህ ነው። «ኤክስ» ወይም «ዲ» የሚል ምልክት ያለባቸው በየደረጃው አሥር እጥፍ ብቻ ስለሚቀጥኑ፣ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ እውነተኛ የተክል ጭማቂ ይኖራቸዋል። በ2017 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለጥርስ ማውጫ ሕፃናት የሚሰጡ አንዳንድ የሆሚዮፓቲ እንክብሎችን መርምሮ፣ ቤላዶና የተባለው መርዛማ ተክል መጠን እንክብሉ ላይ ከተጻፈው በልጦ፣ ከእንክብል እንክብልም ተለያይቶ አግኝቷል። «ሆሚዮፓቲ ባይጠቅም አይጎዳም» የሚለው አባባል የማይሠራው ለዚህ ነው።

ቢጫ ጭማቂ ለቢጫ ቆዳ

ለቢጫነት በሆሚዮፓቲም በቀድሞው የአውሮፓ የዕፅ ሕክምናም ስሙ ተደጋግሞ የሚነሣ ተክል ኬሊዶኒየም ይባላል። ግንዱ ሲቆረጥ ብርቱካንማ ቢጫ ወተት ይወጣዋል። ታሪኩ የጀመረው ከዚሁ ወተት ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ በሰፊው ይታመንበት በነበረ አስተሳሰብ፣ ፈጣሪ እያንዳንዱ ተክል ምን እንደሚያድን በመልኩ ላይ ጽፎበታል፤ ልብ የሚመስል ቅጠል ለልብ፣ ቢጫ ጭማቂ ለቢጫ በሽታ። ለአእምሮ ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ቀለም ግን የመድኃኒት አድራሻ አይደለም።

ተክሉ ባዶ ነው ማለት ግን አይደለም። ውስጡ ብርቱ አልካሎይዶች (በትንሽ መጠንም ሰውነት ላይ የሚሠሩ የተክል ንጥረ ነገሮች) አሉበት፣ ከነሱም አንዱ ቤርቤሪን ነው። አዋቂዎች ላይ ጉበት እንደጎዳ የሚያሳዩ የሐኪም ሪፖርቶች ስለተጠራቀሙ፣ የጀርመን የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2008 በቀን ከ2.5 ሚሊ ግራም በላይ አልካሎይድ የሚሰጡ የኬሊዶኒየም መድኃኒቶችን ፈቃድ ሰርዟል። ጉበትን ይረዳል ተብሎ የሚሰጥ ተክል ጉበት ሲጎዳ ታየ ማለት ነው። የቀጠነው የሆሚዮፓቲ ጠብታ ደግሞ ይህ አልካሎይድ የለበትም፤ እንዲሠራ የሚጠበቅበትም ነገር የለውም። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የጤናና የሕክምና ምርምር ምክር ቤት 176 ጥናቶችን አገላብጦ በ2015 ባወጣው ሪፖርት፣ ሆሚዮፓቲ ይሠራል የሚል አስተማማኝ ማስረጃ ያለበት አንድም የጤና ችግር አላገኘም።

አንድም ዕፅ በሳይንስ አልተፈተነም?

ተፈትኗል። በዚህ ረገድ ሩቅ የሄዱት ቻይናውያን ናቸው። የአሪቲና የጭቁኝ ዘመድ የሆነ «ዪን ቼን» የሚሉት ተክል እዚያ ለቢጫነት ሲሰጥ 1,800 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ዛሬ ከሌሎች ዕፆች ጋር ተቀላቅሎ «ዪን ዢ ሁዋንግ» በሚል ስም ለጨቅላ ሕፃናት በሰፊው ሲሰጥ ቆይቷል።

በአሜሪካ ሂዩስተን የሚገኘው የቤይለር የሕክምና ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2004 ባሳተሙት ሥራ፣ ይህ ቅልቅል አይጦች ላይ ቢሊሩቢን ቶሎ እንዲወገድ እንደሚያደርግ አሳዩ። መንገዱንም አገኙት፤ ተክሉ ውስጥ ያለ አንድ ንጥረ ነገር የጉበት ሴል ውስጥ ያለን ማብሪያ ይነካል፣ ማብሪያው ሲበራ ያ የሳሙናው ኢንዛይም ይበረክታል። የጥንቱ ሕዝብ ያስተዋለው ነገር ከሥሩ እውነት ሊኖርበት እንደሚችል የሚያሳይ ግሩም ሥራ ነው፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ለዕፅ አዋቂዎች ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ነገር ግን አይጥ ሕፃን አይደለም፤ ማብሪያው መኖሩም ጠብታው ለሕፃን ይበጃል ማለት አይደለም። ያንኑ ማብሪያ የሚነካ ፌኖባርቢታል የሚባል መድኃኒት ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ሐኪሞች ግን ለተራ የአራስ ቢጫነት አይሰጡትም፤ ለመሥራት ቀናት ይወስዳል፣ ሕፃኑንም ያደነዝዘዋል። የቻይናውን ቅልቅል ሕፃናት ላይ የሞከሩ ጥናቶች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን ዕፁን የሰጡት ከብርሃን ሕክምና (ሕፃኑን ልዩ መብራት ሥር ከማስተኛት) ጋር ደርበው ነው፣ ማን ዕፅ እንደወሰደ ማን እንዳልወሰደም ሐኪሙም ወላጁም ያውቃሉ። እንዲህ ባለ ጥናት ውስጥ የዕፁን ድርሻ ከብርሃኑ ድርሻ መለየት ይከብዳል። በ2016 ደግሞ የቻይናው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በመርፌ የሚሰጠውን ዓይነት ለጨቅላና ለትንንሽ ሕፃናት እንዳይሰጥ ከለከለ። ዕፁ በተወለደበት አገር የተሰጠ ውሳኔ ስለሆነ፣ «የነጭ ሐኪም ጥላቻ ነው» የሚል ክርክር አያነሣም።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስደነግጠው የሌላው የቻይና ተክል ታሪክ ነው፤ ሁዋንግ ሊየን ይባላል። ሥሩ ቢጫ ነው፤ ቢጫ ያደረገውም ያው ቤርቤሪን ነው። አራስ ልጅን «ያጸዳል» ተብሎ ሲሰጥ ኖሯል። ላቦራቶሪ ውስጥ ሲፈተሽ ግን ቤርቤሪን ቢሊሩቢንን ከአልቡሚን ጀርባ ላይ ገፍቶ የሚያወርድ ሆኖ ተገኘ። ተሸካሚ ያጣ ቢሊሩቢን ወዴት እንደሚሄድ ከላይ አይተናል። የቆዳው ቢጫነት ሳይጨምር፣ የደም ምርመራውም ቁጥር ከፍ ሳይል፣ አንጎል ላይ ያለው አደጋ ይጨምራል ማለት ነው። ሲንጋፖር በ1978 ሁዋንግ ሊየንን ከነቤርቤሪኑ ያገደችው በጨቅላ ሕፃናት ቢጫነት ምክንያት ነበር፤ እገዳው ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው የተነሣው።

«የእኔ ልጅ ግን ድኗል»

ዶሮ ይጮኻል፣ ይነጋል። በየቀኑ ያለማቋረጥ ስለሚከተል፣ ጸሐይን ያወጣት ዶሮው ነው የሚል ሰው ማስረጃ አያጣም። የሚያጣው አንድ ነገር ነው፤ ዶሮ ያልጮኸበትን ማለዳ አላየም።

ለአራስ ቢጫነት የሚሰጥ ማናቸውም ነገር ዕድለኛ ነው። ወላጅ የሚጨነቀው ቢጫው ሲበረታ፣ ማለትም በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ነው። መድኃኒት የሚፈልገውም ያኔ ነው። ቢሊሩቢኑ ደግሞ ከዚያ ቀን በኋላ በራሱ ይወርዳል። ስለዚህ በአራተኛው ቀን የተሰጠ ውኃም፣ ቅጠልም፣ ስኳርም «ይሠራል»። መቶ ሕፃናት ጠብታ ወስደው 95ቱ ዳኑ እንበል። ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል፤ ጠብታ ያልወሰዱ ሌሎች መቶ ሕፃናት ስንቱ እንደዳኑ ካልታወቀ ግን ምንም አይነግረንም። እነሱም 95 ከሆኑ ጠብታው ዶሮው ነው።

ስለዚህ ሐቀኛ ፈተና የሚባለው ሕፃናቱን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን ዕፁን፣ ለሌላው በመልክም በጣዕምም የሚመሳሰል ባዶ ጠብታ ሰጥቶ፣ የማን የትኛው እንደሆነ የሚለካው ሰው ሳያውቅ ቢሊሩቢኑን በቁጥር መለካት ነው። በዚህ በር ገብቶ ያለ ብርሃን ሕክምና አራስ ልጅን ከከባድ ቢጫነት እንደሚያድን አስተማምኖ የወጣ የዕፅም ሆነ የሆሚዮፓቲ ጠብታ የለም።

የብርሃን ሕክምናስ ከትዝብት አልጀመረም?

ጀምሯል እንጂ። ለዚህም ነው ታሪኩን ወድጄ የምነግረው። እንግሊዝ አገር ኤሴክስ ውስጥ በሚገኘው የሮችፎርድ ሆስፒታል፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ክፍል የምትመራ ጂን ዋርድ የምትባል ነርስ ነበረች። ንጹሕ አየርና ጸሐይ ከሞቀ የሆስፒታል ክፍል ይሻላል ብላ ስለምታምን፣ ሕፃናቱን አንዳንዴ ወደ ግቢ ታወጣቸው ነበር። በ1956 አንድ ቀን ሐኪሞቹ ክፍሉን ሲጎበኙ አንድ ሕፃን ገልጣ አሳየቻቸው፤ ሰውነቱ ፈዘዝ ብሏል፣ አንድ ሦስት ማዕዘን ቦታ ላይ ብቻ ግን ቢጫው እንዳለ ነው። የአንሶላው ጫፍ ከጸሐይ የሸፈነው ቦታ ነበር። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ደግሞ ጸሐይ ላይ የተረሳ የደም ናሙና ሲለካ ቢሊሩቢኑ ከሚጠበቀው በታች ሆነ።

የአንዲት ነርስ ትዝብት ነው፤ ከቅጠል ቀማሚዋ ትዝብት በመነሻው አይለይም። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ የተደረገው ነው። ሐኪሙ ሪቻርድ ክሬመርና ባልደረቦቹ ሕፃናት ላይ ብርሃን አብርተው ቢሊሩቢኑን ከማብራታቸው በፊትና በኋላ ለኩ፤ ውጤታቸው በ1958 ታተመ። በ1968 አሜሪካ ውስጥ ሕፃናት ብርሃን ባገኙና ባላገኙ ወገኖች ተከፍለው ተነጻጸሩ። የትኛው ቀለም እንደሚሠራ ተፈተሸ፤ ሰማያዊው፣ የሞገድ ርዝመቱ ከ460 እስከ 490 ናኖሜትር የሆነው ሆኖ ተገኘ። እንዴት እንደሚሠራም ታወቀ። ብርሃኑ የቢሊሩቢንን ሞለኪውል ቅርጽ አጣምሞ በውኃ የሚሟሟ ያደርገዋል፤ ስለዚህ የጉበቱን ሳሙና ሳይጠብቅ በሐሞትና በሽንት ይወጣል። ቢሊሩቢኑ ለዚህም ካልተበገረ የሕፃኑን ደም በሌላ ደም ቀስ በቀስ መለወጥ አለ፤ ብርሃን በደንብ ከተሰጠ ግን እዚያ መድረስ ብርቅ ሆኗል።

ታዲያ መስኮት ሥር ጸሐይ ማሞቅ አይበቃም?

ሐሳቡ ከእውነት የራቀ አይደለም፣ አሠራሩ ግን አይበቃም። ከልብስ ውጭ ያለ ፊትና እጅ የሚያገኘው ብርሃን ጥቂት ነው፤ ራቁቱን ቢሆን ደግሞ ይቃጠላል፣ ወይም ይቀዘቅዘዋል። ናይጄሪያ ውስጥ ሌጎስ ላይ ግን ተመራማሪዎች ጎጂውን ጨረርና ሙቀቱን የሚያስቀር፣ ሰማያዊውን ብርሃን የሚያሳልፍ ድንኳን ዘርግተው ከመብራቱ ሕክምና ጋር አነጻጸሩት። በ2015 በታተመው በዚህ ጥናት 447 ሕፃናት ተካፍለዋል፤ የተጣራው ጸሐይ ከሕክምና ቀናቱ 93 በመቶ ላይ፣ መብራቱ 90 በመቶ ላይ ውጤት ሰጡ። መብራት የሚጠፋባቸው ሆስፒታሎች ተስፋ የሚያደርጉበት ውጤት ነው። ይህም ቢሆን ሐኪም እየተከታተለ፣ ሙቀትና ቢሊሩቢን እየተለካ የተደረገ ነው።

ጥቂት ጠብታ ብትሰጥ ምን ትጎዳለች?

የመጀመሪያው ጉዳት ሆድ ውስጥ ነው። የአራስ ልጅ ጨጓራ ትንሽ ናት፤ ውኃ ወይም የተፈላ ቅጠል ሲገባ ወተት የሚገባበት ቦታ ይጠፋል። ወተት ሲቀንስ መጸዳዳት ይቀንሳል፣ ቢሊሩቢኑ ከአንጀት ወደ ደም ይመለሳል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተደረጉ ጥናቶች ጡት ለሚጠቡ ሕፃናት ውኃ መጨመር ቢሊሩቢንን እንደማይቀንስ፣ በቀን ከስምንት ጊዜ በላይ የሚጠቡት ግን ቢሊሩቢናቸው ዝቅ እንደሚል አሳይተዋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚሰጥ ነገር ካለ እሱ ጡት ነው፤ እንገሩም ጭምር፤ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሕፃኑ ቢያንቀላፋም እየቀሰቀሱ። ከዕፅ ጋር ማር የሚቀላቅሉም አሉ፤ ማር ዓመት ላልሞላው ልጅ ነርቭን የሚያሽመደምድ መርዝ የሚያመነጭ ተህዋሲ ሊያመጣ ስለሚችል አይሰጥም። ጂ6ፒዲ የጎደለው ሕፃን ደግሞ ለሌላው የማይጎዳ ነገር ደሙን ሊያፈርስበት ይችላል፤ ልብስ ከብል የሚጠበቅበት የናፍታሊን ኳስ ሽታ እንኳ ይበቃል።

ሁለተኛው ጉዳት ጊዜ ነው፤ እኔ ከሁሉ የከፋ የምለውም ይህን ነው። ባዶ ውኃ የያዘ ጠብታ ማንንም አይመርዝም፤ «እየታከመ ነው» የሚል እፎይታ ግን ይሰጣል። ቢሊሩቢን በሰዓታት ውስጥ ሊያሻቅብ ይችላል። ቢጫነቱ ከተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ከታየ ተራ ቢጫነት አይደለምና ያኔውኑ መለካት አለበት። ሕፃኑ ለመጥባት የማይነቃ፣ ሰውነቱ የዛለ፣ ወይም ተቃራኒው፣ ጀርባውን እንደ ቀስት እየለጠጠ በቀጭን ስለታም ድምፅ የሚያለቅስ ከሆነ አንጎሉ እየተነካ ሊሆን ይችላል፤ ሌሊትም ቢሆን ሳያድር ሐኪም ጋ ይወሰድ። ትኩሳትም እንደዚሁ።

ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ቢጫነት ሌላ ጥያቄ ያነሣል። ጡት በሚጠቡ ጤነኛ ሕፃናት ላይ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያ መካከል ግን የሐሞት ቱቦው የተዘጋ አንድ ሕፃን ሊኖር ይችላል። የሱ ምልክት ዓይነ ምድሩ ላይ ነው፤ ሐሞት ስለማይደርሰው ነጣ ይላል፣ እንደ ሊጥ፤ ሽንቱ ደግሞ ይጠቁራል። ጃፓናዊው ቀዶ ሐኪም ሞሪዮ ካሳይ በ1950ዎቹ ለዚህ ቀዶ ሕክምና አበጅቷል፤ የሚሻለው ግን ሕፃኑ 60 ቀን ሳይሞላው ሲደረግ ነው። ታይዋን ከ2004 ጀምሮ ለእናቶች ሁሉ የዓይነ ምድር ቀለም የተሣለበት ካርድ የምትሰጠው እነዚህ ቀናት በከንቱ እንዳያልፉ ነው።

አስቀድሞ ተሰጥቶትስ ከሆነ?

ይነገር። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ «ምንም አልሰጠሁትም» ማለት የተለመደ ነው፤ ቁጣ ይፈራል፣ ያማከረችው አያት ወይም ጎረቤት እንዳትወቀስ ይታሰባል። ለሐኪሙ ግን የዕፁ ስም ከወቀሳ በፊት የሚመጣ መረጃ ነው። ደም ያፈርሳል ወይ፣ አልቡሚኑን ይሻማል ወይ፣ አልኮል አለበት ወይ የሚለውን ከዚያ ያነብበዋል፤ የምርመራውንም ቁጥር በዚያ መጠን ይጠራጠረዋል። እናትየዋ ራሷ የጠጣችው ዕፅ ካለም ከጡቷ ጋር ሊተላለፍ ስለሚችል አብሮ ይነገር። ጠርሙሱ ካለ ጠርሙሱ፣ ቅጠሉ ካለ ቅጠሉ፣ ከሕፃኑ ጋር ይምጣ፤ መቼ እንደተሰጠና ስንት ጠብታ እንደሆነም ይጻፍ።